መርዶዬን ያቆየልኝ ባሕር

ባሕር የገባሁት አባቴ ከሞቱ በኋላ ነው። እኔ ግን አላወቅሁም። ባለቤቴ ያውቃል፤ አምስተርዳም ያለችው አብሮ አደጌ ታውቃለች፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምንገናኛቸው ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ። አዲስ አበባ ድንኳን ተተክሎ ተነቅሏል፣ ወንበሩም ወደ እድር ቤት ተመልሷል። እኔ አሊካንቴ በምትባል የስፔን የባሕር ዳር ከተማ አዲስ የዋና ልብስ ለብሼ እንቦራጨቅ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት የሳቅሁበት ጊዜ የለም። ያን ሳቅ የት እንደማኖረው ለብዙ ጊዜ አላውቅም ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። የምንኖረው ዴን ሃግ ነበር። ባለቤቴ ሮተርዳም ወደቡ አካባቢ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ እኔ ስኬቨኒንገን፣ ባሕሩ ፊት ለፊት ባለ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ። በጋ ሲመጣ ከየአንሶላው አሸዋ ይረግፋል። ልጅ ይዘው የመጡት፣ አዲስ የተጋቡት፣ ጡረታ የወጡት፣ ሁሉም አሸዋቸውን ጥለውልኝ ይሄዳሉ፤ እኔም አራግፋለሁ። ሆላንዶች ፋካንሲ የሚሉትን እረፍት የማውቀው በመጥረጊያ በኩል ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል፣ ጠበል ይሄዳል፣ ለቅሶ ይሄዳል። ማንም ወደማያውቀው ከተማ ሄዶ፣ ተጋድሞ ሰንብቶ መጣ ቢባል ግን “ምን ነካው?” ነው የሚባለው።

የባሕር ነገር ግን አባባ የተከሉብኝ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ጸጉራቸው የሸበተው በአሰብ መንገድ ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ በአረቄ ጠርሙስ ባሕር አመጡልኝ፤ ውሃውን ማለቴ ነው። ተጎነጨሁት፣ ወዲያው ተፋሁት፤ እሳቸው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ባሕር ማለት ጨው የበዛበት ወጥ ነው፣ ባለሙያው እግዜር ስለሆነ ግን አይታማም አሉኝ። ትምህርት ሲዘጋ ይዤሽ እሄዳለሁ፣ እስከ አንገትሽ ትገቢያለሽ እያሉ ዓመት ዓመትን ተካው። መጀመሪያ መንገዱ አስጊ ሆነ፣ በኋላ እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ በኋላ ደግሞ እኔ አገር ለቀቅሁ።

ስኬቨኒንገን ሥራ ሳገኝ ደውዬ ነገርኳቸው። ከእናቴ ጋር በሚኖሩበት ቤት ስልክ ስላልነበረ የሚጠሩት ከማዶ ካለው ባለሱቅ ዘንድ ነው፤ እያለከለኩ መጥተው ይቀበላሉ። “ገባሽ?” አሉኝ። እግሬን ብቻ፣ ውሃው አጥንት ይሰብራል አልኳቸው። እንግዲያው እሱ ባሕር አይደለም፣ ባሕር እንደ ገላ ውሃ ለብ ይላል፣ የገባሽ ቀን ደውይልኝ ብለው ዘጉ። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ከሰላምታ በፊት የሚቀድመው “ገባሽ?” ሆነ። እኔም አልገባሁም እላለሁ፤ እሳቸውም ይስቃሉ። ወሬያችን እንዲያ ነበር።

በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ጽንስ ጨነገፈብኝ። ሐኪሙ ሰውነቴም መንፈሴም እንደደከመ ነግሮ እረፊ አለኝ። እኔ ደግሞ እረፍት ማለት ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ማየት መስሎኝ፣ መጋረጃ ዘግቼ ሰነበትኩ። ባለቤቴ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለ የጉዞ ወኪል ቤት ገብቶ የሁለት ሰው ቲኬት ይዞ መጣ፤ የሚሞቅ ባሕር አግኝቻለሁ አለኝ። በዚያ ሰሞን ከማንም ጋር የማልስቀው ሰው ሳቅሁ። ወዲያው ለአባባ ደወልኩና በሐምሌ እገባለሁ አልኳቸው። “እስከ አንገት ነው” አሉኝ። ከእሳቸው የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ልንሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረን አረፉ። አሁን የምተርከውን ሁሉ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርምና የተደወለው ለእኔ ሳይሆን ለአብሮ አደጌ ነው። አንድ ግቢ ያደግን፣ እዚህም አገር ተከታትለን የመጣን ነን፤ አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት በሚባለው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። እሷ ለባለቤቴ ሥራ ቦታው ደወለች። በዚያው ዕለት ከሥራ በኋላ ቤቷ ተሰበሰቡ፤ በዕድሜ የሁላችንም አባት የሆኑ አንድ ሽማግሌም ነበሩ። አብሮ አደጌ ጉዞው ቀርቶ እሑድ ማለዳ ይነገራት አለች። ሌሎቹም ተስማሙ። መርዶ ወጉ ይታወቃል፤ ማለዳ ነው፣ ሰው ከሥራ ነጻ በሆነበት ቀን ነው፣ ለታመመ አይነገርም፣ ላልበላ አይነገርም። ሽማግሌው ባሕር ገብታ ታውቃለች ወይ ብለው ባለቤቴን ጠየቁት። አታውቅም አላቸው።

“እንግዲያው ትግባ” አሉ። “ሐዘኑ የትም አይሄድባትም፤ ቆሞ ይጠብቃታል። ደስታ ግን ሰው አይጠብቅም።”

እንዲህ ተብሎ ተፈረደልኝ። ወይም ተፈረደብኝ።

አሊካንቴ ሰው ተዝናንቶ የሚኖርባት ከተማ ናት። በባሕሩ ዳር ዘንባባ የተሰለፈበት ሰፊ መንገድ አለ፤ ንጣፉ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ እንደ ማዕበል የተሠራ ስለሆነ ሲሄዱበት እግር ይወላገዳል። ከበላይዋ ተራራ አለ፣ ተራራው ላይ አሮጌ ምሽግ። በቀትር ሱቁ ሁሉ ይዘጋና ከተማው ይተኛል፤ እኛም ተኛን። ሲመሽ ሽማግሌና ባልቴት ከነልጅ ልጆቻቸው ወጥተው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ እኛም ተቀመጥን። የሆቴሉን አልጋ መጀመሪያ ቀን ራሴ አነጠፍኩት። የምታጸዳዋ ሴት ገብታ አንሶላው እንደተወጠረ ስታገኘው እኔን አየችኝ፣ ሳቀች፤ በምልክት ተይው አለችኝ። በማግስቱ አልነካሁትም። ሳላነጥፍ መውጣት እንዴት ደስ እንደሚል እሱን ቀን አወቅሁ።

ባለቤቴ በዚያ ሳምንት ሌላ ሰው ነበር። ያልኩትን ሁሉ እሺ ይላል። አይስክሬም ስል አይስክሬም፤ ተራራውን እንውጣ ስል፣ ያን ሙቀት፣ ወጣ። ሁልጊዜ በቦርሳ ጉዳይ የምንጨቃጨቅ ሰዎች፣ እጄን ባዶ አድርጎ ሁለቱንም ተሸከመ። ጢሙን አልላጨም። በየቀኑ ሲያድግ እያየሁ፣ ባሕታዊ ልትሆን ነው እያልኩ እቀልድበት ነበር፤ እረፍት ላይ ምላጭም ያርፋል አለኝ። ቢራ አቀረብኩለት፤ በዚያ ፀሐይ ላቡ እየወረደ ውሃ ይሻለኛል አለ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ብሎ እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ለሐዘን ጢሙን ያሳደገው እኔ ፊት ቁጭ ብሎ ነው፤ ያሳደገውም ለእኔው አባት ነው።

አብሮ አደጌም ሆቴሉ ድረስ ደወለች። ስፔን ድረስ የደወለችው ቁርስ በልተሽ እንደሆነ ልጠይቅሽ ብላ ነው። ምን ሆናለች አልኩት ባለቤቴን፤ እናትሽ ልሁን ብላ ነው አለ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አፍንጫዬ ስር አያልፍም፤ ጠርጣራ ነኝ። ግን ደስታ ሰውን ያሞኛል። ማንም ስለ ሞት የሚያስብበት ቦታ አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን ነው የገባሁት። ቀስ እያልኩ፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት። ውሃው እንዳሉኝ ለብ ያለ ነበር። አንገቴ ሲደርስ ቆምኩና ትንሽ ተጎነጨሁ፤ ያ የአረቄ ጠርሙስ ምላሴ ላይ መጣ። ለብቻዬ ሳቅሁ። ከጎኔ የነበረች ልጅ አየችኝና አብራኝ ሳቀች። ወደ ዳር ዞሬ ባለቤቴን ስፈልገው ሱሪውን እንኳ ሳይጠቀልል አሸዋው ላይ ቆሟል፤ ፎጣዬን በሁለት እጁ ይዞ ያየኛል። ወጣሁና ተጠጋሁት።

“ምን ታያለህ?” አልኩት።

“ምንም” አለ። “ተመለሽና ግቢ፣ ገና ፀሐይ አለ።”

ተመልሼ ገባሁ። እሱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ውሃው ውስጥ እግሩን አላነከረም። የደጋ ሰው፣ ፈሪ ብዬ ስሰድበውም ፈገግ ብቻ ይላል።

አሁን መደወል ነበረብኝ። መንገዱ ዳር የስልክ ሳጥን ነበር። ባለቤቴ እኔ ልሞክር ብሎ ቀድሞኝ ገባና ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆየ፤ መስመሩ አልገባ አለ ብሎ ወጣ። ክረምት አይደል፣ በዝናብ የእኛ አገር ስልክ መች ይሠራል ብዬ አመንኩ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ከዚያ ደግሞ ዛሬ መሽቷል፣ ዛሬ ሱቁ ተዘግቷል አለኝ። ልንመለስ ስንል ግልፍ አለኝና የስልኩን እጀታ ከእጁ ነጥቄ ራሴ ደወልኩ። አንድ ጊዜ ጠርቶ ተነሳ። ባለሱቁ ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ዝም አለ፤ እኔ መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እላለሁ። ባለቤቴ ከሳጥኑ ውጭ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ቆሞ ነበር።

“አባትሽ የሉም ልጄ፣ ወጣ ብለዋል” አለኝ ባለሱቁ። “አንቺ ግን ደህና ነሽ? እህል ትበያለሽ?”

እበላለሁ አልኩት። ቆይቼ እንዳልጠራቸው ሳንቲሜ አልቋል፣ መልእክት ይንገሩልኝ አልኩ። “ገብቻለሁ ይበሏቸው። እስከ አንገቴ። ለብ ይላል በሏቸው።”

“እነግራቸዋለሁ” አለ።

ከሳጥኑ ስወጣ ባለቤቴ ምን አሉሽ አለኝ። ወጣ ብለዋል አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ፣ ከዚያም አንድም ቀን አድርጎት የማያውቀውን፣ መንገድ ላይ ሰው እያየ እጄን ያዘኝ።

ቅዳሜ አምስተርዳም ስንደርስ አብሮ አደጌ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ መጥታ ነበር። ዴን ሃግ ነገ ትሄዳላችሁ፣ ዛሬ እኔ ጋ እደሩ አለች። እየቆረሰች አጎረሰችኝ፤ በቃኝ ስላት ሌላ ታወርዳለች። ስለ ባሕሩ እያወራሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ማለዳ የሰው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። በሩን ስከፍት ሳሎኑ ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ባለቤቴ ባልተላጨ ጢሙ መሐላቸው ተቀምጧል። አብሮ አደጌ፣ እሑድ ከአራት ሰዓት በፊት የማትነቃዋ ሴት፣ ጥቁር ለብሳ ቆማለች። ሽማግሌው አፋቸውን ሳይከፍቱ ጢሙን አየሁና ሁሉንም አወቅሁ። ማን እንደሆነም አወቅሁ።

ጸጉሬን በታተንኩ፣ ደረቴን መታሁ። ከጸጉሬ ውስጥ አሸዋ ፈሰሰ። የአሊካንቴ አሸዋ በአብሮ አደጌ ምንጣፍ ላይ ረገፈ፤ እያለቀስኩም አየሁት። እንዲያ ባለ ሰዓት ሰው ምን እንደሚያይ አይታወቅም። ከዚያ ቁጣ መጣብኝ፤ ቁጣው ከለቅሶው በላይ ሆነ። አባቴ በሐምሌ ጭቃ ሲቀበሩ እኔን አይስክሬም ስታስልሱኝ ነበር አልኳቸው። በየትኛው ዓይኔ ነው አሊካንቴ የተነሳነውን ፎቶግራፍ የማየው አልኩ። በሽማግሌው ፊት ባለቤቴን ስም እየሰጠሁ ሰደብኩት። ሽማግሌው፣ ተቆጪ ልጄ፣ መብትሽ ነው አሉኝ፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አበሸቀኝ።

አርባው እስኪወጣ ከባለቤቴ ጋር የተነጋገርነው ጨው አቀብለኝ፣ በሩን ዝጋ የሚል ብቻ ነው። ሥራ ስመለስ ለአንዲት ሆላንዳዊት ባልደረባዬ ነገርኳት። እንዴት አብረሽው ትኖሪያለሽ፣ ሕይወትሽን ሰርቆሻል፣ እኔ ብሆን እፈታው ነበር አለችኝ። ሳላስበው ተነስቼ ለባለቤቴ ጥብቅና ቆምኩ። እኛ ዘንድ ሰው ብቻውን መርዶ አይሰማም፣ ልቡ እስኪጠና ይጠበቃል፣ የሚጠብቀው ሰው ነው የሚቃጠለው አልኳት። የገዛ አፌን ስሰማ ገረመኝ። ቤት ስገባ ግን ቁጣዬ እዚያው ጠበቀኝ።

ቁጣዬን ያላላው የእናቴ ስልክ ነው። ባለሱቁ ዘንድ መጥታ ነበር። ለቅሷችንን ከጨረስን በኋላ፣ መልእክትሽ ደርሷል አለችኝ። የምን መልእክት አልኳት። ባለሱቁ አደራ የተሰጠኝ ሰው ነኝ ብሎ፣ በዚያ ዝናብ ጃንጥላ ይዞ መቃብራቸው ድረስ ሄደ አለችኝ። ቆብ አውልቆ፣ ገብታለች፣ እስከ አንገቷ፣ ለብ ይላል ብላለች አላቸው። እንዳልሽው አንድም ሳያስቀር አለች እናቴ። ያ ሰው ጨው መዝኖ ከመሸጥ ሌላ ምንም ዕዳ አልነበረበትም። በዚያው ዕለት ፎቶግራፎቹን ከተደበቁበት አወጣሁ፤ ከባለቤቴም ጋር አንድ ላይ አየናቸው። ጢሙ ከፎቶ ወደ ፎቶ እያደገ ይሄዳል። ባሕሩን ያየሁት እኔ፣ የሐምሌውን ሐዘን ያሳለፈው እሱ ነበር።

ያም ሆኖ ማልኩ። በእኔ ቤት ይህ አይደገምም፣ እኔ የሰማሁትን በዚያው ሰዓት እናገራለሁ አልኩ። ለአብሮ አደጌም፣ ለሽማግሌውም በግልጽ ነገርኳቸው። ጥሩ አሉ።

ሌላ በጋ መጣ፣ አለፈ፣ ሌላም መጣ። አንድ ዓርብ ቀትር ላይ አብሮ አደጌ ደወለችልኝ። የባለቤቴ እናት ደሴ አርፈዋል። ሽማግሌው እሑድ ማለዳ እንሰብሰብ ይላሉ፣ አንቺ ግን ማልሻል፣ እንደ ልብሽ አድርጊ አለችኝ። ወንበር ስቤ በሩ ትይዩ ተቀመጥኩ። ሲገባ እነግረዋለሁ። ቃሌን አፌ ላይ አዘጋጅቼ ጠበቅሁት።

ገባ። ያ ቀን ሆላንድ እንዲህ ይሞቃል ወይ የሚያሰኝ ቀን ነበር። ፊቱ በላብ ወዝቷል፣ እየሳቀ ነው። ዛሬ እንኳን ያ የእናንተ ስኬቨኒንገን ሳይሞቅ አይቀርም፣ ፈሪ እንዳልሽኝ አልቀርም፣ ተነሺ እንሂድ አለኝ። ቃሌን ዋጥኩት። ፎጣ አነሳሁ፣ ዳቦና እንቁላል ቋጠርኩ፣ ትራም ይዘን ሄድን። ዳቦውን መጀመሪያ አበላሁት።

ባሕሩ ያው ግራጫ ነው፤ ዓርብ ስለሆነ ሰው ሞልቶበታል። ሸሚዙን አወለቀ፣ ገባ፣ ብርዱ ሲይዘው ጮኸ፣ ዘወር ብሎ አየኝና ሳቀ። ያን ሰው እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ፎጣውን በሁለት እጄ ይዤ ዳር ቆምኩ። ያን ጊዜ አሊካንቴ አሸዋ ላይ ቆሞ ያየው ምን እንደነበር አየሁ። እንባዬን በፎጣው ጫፍ ጠረግሁ።

እየተንቀጠቀጠ ወደ እኔ መጣ፤ ውሃው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።

“ምን ታያለሽ?” አለኝ።

“ምንም” አልኩት። “ተመለስና ግባ፣ ገና ፀሐይ አለ።”

ሳቁ ከፊቱ ቀስ ብሎ ጠፋ። ቆሞ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ቃሉ የራሱ ነበር፣ እኔም የተናገርኩት እንደ እሱ ነው። እንዳወቀ አወቅሁ። ማን ነው ብሎ ግን አልጠየቀኝም። አንገቱን ነቀነቀልኝ፤ ዞረና ወደ ውሃው ተመልሶ ገባ፣ ወገቡ፣ ደረቱ፣ ከዚያም አንገቱ እስኪደርስ። እኔ ፎጣውን ይዤ ጠበቅሁት።